ስኳር የወረደበትን ሰው ስኳር አትከልክሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ስለ ስኳር በሽታም ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ሁሌ የምታነሱት ስኳር ከፍ ሲል ነው። ጣፋጭ ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ተመርመሩ። ስኳር ሲወርድስ? ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው ከቆመበት የሚጥለው እኮ እሱ ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋ ታናሽ እህቴም አብራኝ ትኖራለች። ከእኛ ሰፈር ተነስቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ገና ሳይነጋ ነው ሰልፍ የሚይዘው። እህቴ መርፌዋን ቤት ተወግታ፣ ቁርሷን በምሳ ዕቃ ይዛ ትወጣለች። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ልትበላ ነው። መኪናው በሰዓቱ ከመጣ ማለት ነው።

አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በዚያ የጠዋት ብርድ ላብ ፊቷን አጠመቀው። የሹራቧን ቁልፍ ያለ ቦታው ታስገባለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ እዚያው ታስገባለች። ሳናግራት የምትመልሰው ሌላ ነው። ከኋላችን የነበረ ሰው «ሲጠጣ ያደረ ሰው እንዲህ ነው» አለ። ይሄ አልገረመኝም። የገረመኝ በደንብ የምታውቃት ጎረቤታችን ናት። ሻይ የሚሸጡት እናት ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያቀርቡላት «ኧረ ስኳር አለባት! ጣፋጭ እንዳታቀምሷት!» ብላ እጃቸውን ያዘች። ሴትዮዋ ደንግጠው ብርጭቆውን መለሱት። ተቀብዬ እኔው አጠጣኋት። ትንሽ ቆይታ «መኪናው መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለችም። የነገሯትን ነው የተናገረችው። የጎደለው የታሪኩ ግማሽ ነው።

በአንድ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ስኳር ሁሉ ቢሰበሰብ 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። አንጎል ደግሞ ያለዚህ ስኳር ብዙ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ሰውነት መጠኑን ነቅቶ ይጠብቃል። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፤ ስኳሩም ወደ ጡንቻ፣ ወደ ስብና ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት ጎተራ ነው፤ 100 ግራም ያህል ስኳር በግላይኮጅን መልክ ያስቀምጣል። ሳንበላ ስንቆይ ቆሽት ኢንሱሊኑን ይቀንስና ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። ጎተራውን የሚያስከፍተው እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተን፣ ምንም ሳንቀምስ ጤነኛ ሆነን የምንነሳው በዚህ ነው።

ኢንሱሊን በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ተገኘ። ግሉካጎን ስሙን ያገኘው በ1923 ነው። እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን ከክፍል ውጭ የሚጠራው ሰው አልሰማሁም።

እህቴን የመሰለ ሰው ላይ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከቆሽት የሚወጣ ኢንሱሊን ስኳር ሲቀንስ ይቆማል። የተወጉት ኢንሱሊን ግን አይቆምም፤ ታክሲ ዘገየ ብሎ አይጠብቅም። በዚያ ላይ በዓይነት 1 ስኳር ሕመም፣ ማለትም ቆሽት ራሱ ኢንሱሊን መሥራት ባቆመበት፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ቆሽት ስኳር ሲወርድ ግሉካጎን መልቀቁን ይተዋል። የሚቀረው አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ነው። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምት መፍጠኑ የእሱ ሥራ ነው። «አሁኑኑ ብላ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ስኳሩ ቶሎ ቶሎ የሚወርድበት ሰው ላይ ይሄም ይደክማል፤ ሰውዬው ሳይታወቀው አንጎሉ ይደናገራል፣ እንደ ሰከረ ያደርገዋል። ኮርቲዞልና የዕድገት ሆርሞንም ስኳር ያነሳሉ፤ ግን የእነሱ ሥራ የሰዓታት ነው፣ ሰልፍ ላይ አይደርሱም።

በአንድ ዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደም ውስጥ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ ለነገ የሚባል አይደለም። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ከታየ ግን መጠበቅ የለም። ሰውየው መዋጥ ከቻለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ አለበለዚያ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይሰጠው። ስኳር የሌለው ዓይነት አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም። ሲሻለው ዳቦም ሆነ ያለው ምግብ ይብላ። ስኳሩ ከፍ ብሎ የነበረ ሰው ቢሆንስ? ያቺ ማንኪያ ብዙም አትጎዳውም። ወርዶበት መከልከል ግን ሊገድለው ይችላል።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄንን ከዐቢይ ጾምና ከረመዳን በፊት አውጡልን። ኢንሱሊን እየተወጉ እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማታ የሚጾሙ ሰዎች በየቤቱ አሉ። መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሃይማኖቱም ሕመምተኛን አያስገድድም። ተራ አስከባሪዎች፣ የመኪና ረዳቶች፣ መምህራን ባልደረቦቼም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። እኛ ዳር ያለነው መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ስለምናሳልፍ፣ መጀመሪያ የሚደርሱልን እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስስም፤ ያንቀዋል። በጎኑ ይተኛና ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በሩ ላይ ገና «ኢንሱሊን ይወጋል» በሏቸው፤ በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጡታል።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ