ዛፍ የሚደርቀው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በክረምቱ ስለ ችግኝ ተከላ ያወጣችኋቸውን ዘገባዎች በጥሞና ተከታትያለሁ። የተተከለው ችግኝ ብዛትና የተሸፈነው መሬት ስፋት በየዘገባው ተነግሯል፤ ከተተከለ በኋላ ውኃ በግንዱ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና ለምን እንደሚቋረጥ ግን አንድም ቦታ ሲነሣ አላየሁም። ችግኙ በጥርና በየካቲት ቆሞ መገኘቱን በአብዛኛው የሚወስነው ይህ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ መተው የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ከላይ ሆኖ የሚመጥ ፓምፕ ውኃን በባሕር ጠለል ላይ ከ10 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ8 ሜትር በላይ ማንሣት አይችልም። ዝግባ ግን ከ30 ሜትር በላይ አድጎ የጫፍ ቅጠሉን ያጠጣል። የዚህን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረቡት የአየርላንዷ ደብሊን ሳይንቲስቶች ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ ናቸው፤ ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ውኃ ባተነነች ቁጥር፣ በእንጨቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እርስ በርሱ ተያይዞ የቆመው ውኃ እንደ ተወጠረ ገመድ ከሥር ወደ ላይ ይጎተታል። ይህ አሳብ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ፔር ሾላንደርና ባልደረቦቹ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በብረት ዕቃ ውስጥ ከተው፣ ውኃው በተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቅ እስኪል ድረስ በጋዝ እየተጫኑ የጉተታውን ብርታት ለኩ። ጉተታው ከአየር ግፊት አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ዘዴ ታወቀ።

የተወጠረ ገመድ ደግሞ ይበጠሳል። አፈሩ እየደረቀ፣ አየሩም እየሞቀ ሲሄድ ጉተታው ይበረታና አየር ከጎን ያለውን ስስ ግድግዳ አልፎ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ አረፋው ሲሰፋ ያ ቧንቧ ውኃ ማሳለፉን ያቆማል። ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ሸክሙ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ፣ ዛፉ ከሥሩ ጥቂት ርጥበት እያለ እንኳ ከላይ ጀምሮ ሊደርቅ ይችላል። ብሬንደን ቾትና ብዙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት በ81 ሥፍራዎች የሚገኙ 226 የደን ዛፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ 70 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት ለዚህ አደጋ እጅግ ተቃርበው መሆኑን አሳይተዋል። እኔን በብርቱ ያስደነገጠኝ ግን በእርጥብ አገር የሚበቅሉትም ከደረቅ አገሮቹ ያልተሻሉ መሆናቸው ነው፤ ዝናብ የጠገበ ደጋ ለዛፉ ዋስትና ይሆነዋል ብዬ አስብ ነበርና።

ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ግቢ በሐምሌ የተተከሉ ችግኞች በጥር ሲጠወልጉ ለበርካታ ዓመታት አይቻለሁ። አንድ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር የደረቁትን ስንነቅል፣ ሥራቸው ባደጉበት ፕላስቲክ ቅርጽ ተጠቅልሎ ቀርቶ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብለን ስንቆፍር ግን አፈሩ ርጥብ ነበር። ውኃው እያለ ችግኙ ሊደርስበት አልቻለም። በዚያን ጊዜ ለተማሪዎቼ የነገርኋቸው «ውኃ ስላላጠጣነው ነው» ብዬ ነበር፤ መልሴ ግማሽ እንደ ነበረ አሁን ይሰማኛል።

በአገራችን መሠረቱ ተጥሏል። ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከጀርመኑ የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከኤርቪን ቤክ ጋር በሙነሳ ሻሸመኔ ደን በአንድ ሥፍራ የበቀሉ አገር በቀልና መጤ ዛፎች ውኃን እንዴት እንደሚጠቀሙ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ስለ ባሕር ዛፍ «ምንጭ ያደርቃል»፣ «አያደርቅም» እየተባለ በየስብሰባው የሚደረገው ክርክር በእንዲህ ያለ ልኬት ላይ ቢቆም እንዴት በጠቀመን! ግንድ ላይ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ተክሎ፣ አንደኛውን አሙቆ፣ በሙቀታቸው ልዩነት የውኃውን ፍሰት ማወቅ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ችግኝ የሚያፈሉ ጣቢያዎች ለየወረዳው ዝርያ ሲመርጡ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ብሳና እያንዳንዳቸው ምን ያህል ጉተታ ሲበረታባቸው ቧንቧቸው እንደሚዘጋ ተለክቶ በእጃቸው ይግባ፤ ለዚህም የዩኒቨርሲቲዎቻችን ወጣት ተመራማሪዎች መሣሪያና በጀት ይሰጣቸው። የዝግጅት ክፍሉ ደግሞ በሐምሌ ስለ ተከላው የጻፈባቸውን ቦታዎች በመጋቢት ተመልሶ ቢጎበኛቸውና ከደረቁት ጥቂቶቹን አስነቅሎ የሥራቸውን ፎቶግራፍ ቢያትምልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር