ስለ ዝላይ ፈረስ ለጠየቅኸኝ

ይድረስ ለወዳጄ ለጌታሁን፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ዝም ማለቴ ያስወቅሰኛል፤ ካሳውን አራት ኪሎ ስትመጣ በማኪያቶ እከፍላለሁ። «ዓይኔን የጣልኩበት የአራት ዓመት ፈረስ ሲዘል ሰማይ ይነካል፤ ልግዛው?» ብለህ ሰሞኑን ጠይቀኸኛል።

ሰማይ መንካቱ ብቻውን አያስገዛም። ጃን ሜዳ ላይ የእሽቅድምድም ፈረስ የምናይበት ዓይንም እዚህ ብዙ አይረዳንም። በኦሎምፒክ መሰናክሉ ወደ 1.60 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ የደረሰ ፈረስ ሁሉ ይህን ይዘላል። አንድ እንጨት ከወረደ 4 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል፤ ለጥቂት ይሁን በብዙ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ አሸናፊውን የሚለየው ጥንቃቄው፣ ታዛዥነቱና ከስህተት በኋላ የሚያሳየው ልብ ነው። ዣፕሉ የተባለው የፈረንሳይ ፈረስ ትከሻው ላይ 1.58 ሜትር ብቻ ነበር፤ ለዝላይ ፈረስ ድንክ ሊባል ምንም አይቀረው። በፈረንጆች 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ መሰናክል ፊት ቆሞ ጋላቢውን ጣለ፣ በ1988 ሴኦል ላይ ያንኑ ጋላቢ ይዞ ወርቅ ወሰደ።

ጥንቃቄውን እንዲህ ፈትን። ጠባብ መተላለፊያ አጥረህ ያለ ኮርቻና ያለ ጋላቢ ልቀቀው። መጀመሪያ 50 ሳንቲሜትር የሚሆን በመስቀል የተጋደመ እንጨት፣ ከእሱ 7 ሜትር ያህል ርቆ ዋናው መሰናክል ይቁም፤ መሃሉ ላይ አንድ የደንገላሳ እርምጃ ብቻ ይገባል። ከ80 ሳንቲሜትር ተነሥተህ አሥር አሥር ጨምር፣ 1.20 ላይ አቁም። ዝላዩ በጠቅላላ ከአሥር አይለፍ፤ የደከመ ፈረስ እውነተኛ ጠባዩን አያሳይህም።

የምትጠብቀው እንጨቱን የሚመታበትን ጊዜ ነው። ሆን ብለህ እንዳታስመታው (እሱ ጭካኔ ነው፣ በውድድር ሕግም ክልክል ነው)፤ ራሱ ይመታዋል። ከፍታውን ሳትነካ መልሰህ ልቀቀው። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጀርባውን እንደ ቀስት አጉብጦ አንድ ጭብጥ ያህል አትርፎ ካለፈ ገንዘብህን መቁጠር ጀምር። አሁንም ከመታው ግድ የለሽ ነው፤ ሥልጠና ይህን እምብዛም አያርመውም። ግማሽ ሜትር አትርፎ ከዘለለ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ የሚዘለው ከፍርሃት ነው፤ አየር ላይ እየቆየ ሰዓት ያባክናል፣ ከስምንተኛው መሰናክል በኋላ ጉልበቱ ያልቃል፣ ጋላቢው አንድ ቀን መነሻውን ካበላሸበት ደግሞ መቆም ይለምዳል።

ታዛዥነቱን ጋላቢ አስቀምጠህ እይ። ሁለት የ1.20 መሰናክሎች በ22 ሜትር ርቀት አቁም። ለማረፊያና ለመነሻ 3.60 ያህል ቀንስ፤ የቀረው 18.40 ነው። በአምስት እርምጃ ሲያልፈው እያንዳንዱ 3.68 ሜትር ይደርሳል፣ በስድስት 3.07። ለአራት ዓመት ፈረስ 1.20 ከበዛበት ወደ 90 ሳንቲሜትር አውርደው፤ ያኔ ርቀቱንም ግማሽ ሜትር ያህል አሳጥር። በአምስት ይሂድ፣ በስድስት ይመለስ፣ እንደገና በአምስት። ጭንቅላቱን ሳይሰቅል፣ ልጓሙን ሳይታገል እርምጃውን ካሳጠረና ካረዘመ ለትልቅ ሜዳ ይሆናል። አምስትን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የሰማይ ዝላዩ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ይቀራል።

እግሩን በተመለከተ ጥድፊያ አያስፈልግም፤ ለኦሎምፒክ ፈረሱ ቢያንስ 9 ዓመት ሊሞላው ይገባል፣ ያንተው ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት ግን አራቱንም እግሮቹን ራጅ አስነሣ፣ በማግስቱ ጠዋትም በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሮጠው። የተደበቀ ማነከስ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

የምትፈትንበትን ቀን ስትቆርጥ ጻፍልኝ፤ ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ወዳጅህ፣ ከአራት ኪሎ