አባታችንን በክብር ለሸኛችሁልን የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆች

አባታችን ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ወር ወደ አኼራ ሄደዋል። እያንዳንዳችሁን ቤታችሁ መጥተን ማመስገን ይገባን ነበር፤ ብዛታችሁ ግን አልፈቀደልንም።

በደሴ ሆስፒታል ሌሊቱን ከአጠገባቸው ሳትለዩ ያስታመማችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አላህ ይስጥልን።

ብዙዎቻችሁ አባታችንን የምታውቋቸው በኮምፒውተር ድርጅታቸው ዋና ሥራ አስኪያጅነት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ወጥተው በቴሌኮሙኒኬሽን የመስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ ሲወጡ የሚያስታውሷቸው ጎረቤቶች ዛሬም አሉ። በኋላ የደመወዝና የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም መሥራት ሲጀምሩ፣ ከውጭ የሚመጡት ፕሮግራሞች የሚያውቁት 12 ወር ብቻ ነበር። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጳጉሜንም አለች፤ እርሷም በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆንና አዲሱን ዓመት በፈረንጆቹ መስከረም 12 ላይ ታውለዋለች። የቀን ሠራተኛ የጳጉሜን ምንዳ የት ይመዝገብ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ሒሳቡን ከሥር መሠረቱ ያስተማሯቸው ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። አባታችን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደብተራቸውን ይዘው መሪጌታ ቤት ይገቡና ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት፣ ሲማሩ ያመሹ ነበር። መሪጌታ፣ በቀብሩ ዕለት በዚያ ዕድሜዎ ዳገቱን ወጥተው መምጣትዎን እኛ ልጆቻቸው አንረሳውም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲደርስ ቢሮው ተዘርፏል። አባታችን ይዘው የወጡት የደንበኞቻቸው መዝገብ የተገለበጠበትን ዲስክ ብቻ ነበር። በኅዳር ወር ሲመለሱ የነጋዴውን የዱቤና የዕቃ ሒሳብ ያለ ምንም ክፍያ አንድ በአንድ መለሱ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ያዋሳችኋቸውና መጋዘናችሁን ለቢሮ የሰጣችኋቸው የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ ውለታችሁን እስከ መጨረሻው ያነሱት ነበር። ሠራተኞቻቸው ደግሞ ያኔ ያለ ደመወዝ ሠርታችኋል፤ በሕመማቸው ጊዜም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ጉም ውስጥ እየተመላለሳችሁ የአንድም ደንበኛ የወር ደመወዝ እንዳይዘገይ አድርጋችኋል። እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው በየዕለቱ የሚጠይቁን ይህንኑ ነበር።

የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) አባላት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ድንኳኑን ተክላችሁ፣ ውኃ ቀድታችሁ፣ ከእናታችን ጋር አምሽታችኋል። ለሌላው ሁሉ ፕሮግራም የሠሩት አባታችን የቅሬውን ደብተር ግን አልነኩትም። በቅሬ ሰው ስሙ ተጠርቶ አቤት ማለት አለበት ይሉ ነበር።

ከአባታችን ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም አደራ ያስቀመጠ ሰው ካለ እኛን ልጆቻቸውን ይጠይቀን፤ ሳናመነታ እንከፍላለን። የደሴውም የኮምቦልቻውም ቢሮ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

አላህ ብድራችሁን ይክፈልልን።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ