የጀልባ ሞተር ለክረምት ሲያርፍ፦ ከስቶክሆልም ወደ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የተላከ ደብዳቤ

ስቶክሆልም፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ሙሄ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ሰንብታችኋል? አባዬ እንዴት ናቸው? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሐሳብ አይግባችሁ።

በድምፅ የላክኸውን ሰምቻለሁ። ሰኔ ሲያልቅ ጀልባዋን ከሐይቁ አውጥተህ ሞተሩን እስከ መስከረም ልታሳርፈው እንደሆነ ነግረህ፣ እናንተ አገር ለክረምት እንዴት ነው የምታስቀምጡት ብለኸኛል። በስልክ ብነግርህ ግማሹ ስለሚጠፋ ጻፍኩት። ስትሠራ ወረቀቱን አጠገብህ አድርገው፤ ቅደም ተከተሉን እንዳታፋልሰው።

በመጀመሪያ ክረምትና ክረምት አንድ እንዳልሆነ ልንገርህ። እዚህ ክረምት ማለት ሐይቁ ራሱ ድንጋይ ሆኖ የሚቆምበት ወራት ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሞተር ውስጥ የቀረች ትንሽ ውኃ የአሉሚኒየሙን አካል ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ እዚህ የሰው ጭንቀት ሁሉ ውኃን ጠርጎ ማውጣት፣ በማይወጣበት ቦታም በረዶ የማይዘውን ፈሳሽ መሙላት ነው። ይህን አንተ ተወው። ሐይቃችን ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም በረዶ አይሠራም። አንቲፍሪዝ ግዛ የሚልህ ሰው ቢመጣ ገንዘብህን አታባክን። ያንተን ሞተር የሚገድለው የከረመ ቤንዚንና የሐምሌ እርጥበት ነው፤ አይጥም አለችበት።

ከቤንዚኑ እንጀምር። ያንተ ሞተር ባለ ሁለት ስትሮክ ስለሆነ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው። የተቀላቀለ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚቀረው እየወፈረ ይሄዳል፤ ካርቡሬተር ውስጥ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቤንዚኑን የምታሳልፈው የጂግለሩ ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ የምታህል ናት፤ ለመዘጋት ብዙ አትፈልግም። እዚህ በግንቦት ሞተሮች ተከፍተው አልነሳም ሲሉ ከሁሉ በፊት የሚታየው ይኸው ነው። ቤንዚኑን ከመበላሸት የሚያቆይ ፈሳሽ በብልቃጥ ይሸጣል፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ በመሆኑ በአውሮፕላን አይጫንም፣ ልልክልህ አልቻልኩም። ስለዚህ አንተ በደረቁ ታስቀምጠዋለህ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ለዕለቱ የሚበቃህን ብቻ ቀላቅል። ልኩ 50 ለ1 ነው፦ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ለ10 ሊትር 200። በክዳን ገምተህ አትጨምር፤ በሲሪንጅ ወይም መስመር ባለው ጠርሙስ ለካ። ዘይቱም ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን። ለሞተር ሳይክል የተሠራው የሁለት ስትሮክ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ በውኃ በሚቀዘቅዘው ያንተ ሞተር ውስጥ አመድ ይተውና ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ የፒስተኑን ፋሻም ያጣብቃል።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከገዛህ ደግሞ ወደ ታንኩ ከማስገባትህ በፊት አሳድረው። ውኃ ካለበት በማግስቱ ከሥር እንደ ዕንቁላል ነጭ ተለይቶ ታየዋለህ። ላዩን ብቻ ቀስ ብለህ ቅዳ። ሞተሩ ሲያርፍ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ግን ለባጃጅ ነጂ አትስጥ፤ ዘይት አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። ግማሽ በርሜል ከቤት ውጭ አስቀምጥ፣ ፕሮፔለሩን ፍታና ሞተሩን እንጨት ላይ አስረህ እግሩን በርሜሉ ውስጥ አስገባ። ንጹሕ ውኃ ከፕሮፔለሩ ቦታ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ በደንብ እስኪሸፍን ሙላ። ውኃ ሳይኖር ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳታስነሳው፤ የውኃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ የሚለሰልሰው በውኃ ብቻ ነው፣ በደረቁ ሲሽከረከር ወዲያው ይቃጠላል። በማርሽ አልባ፣ በዝቅተኛ ዙር 10 ደቂቃ አሠራው። ሐይቃችን ጨው የለበትም፣ እዚህ ባሕር ላይ የሚፈራው ዝገት አንተን አያሰጋህም፤ ነገር ግን ጭቃና አልጌ የውኃውን መንገድ ይዘጋል። በጎን የምትፈሰዋን ቀጭን ውኃ እጅህን አስገብተህ ሞክራት። ለብ ብላ በኃይል ከወጣች መልካም ነው። ከደከመች ወይም እጅ የምታቃጥል ከሆነች የፓምፑ ጎማ አልቋል ማለት ነው።

ሞተሩ እንደሞቀ የቤንዚኑን ቱቦ ንቀል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ ቤንዚኑ ሲያልቅ ዘይቱም አብሮ ያልቃልና ፒስተኑ በደረቁ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ መለዋወጥ ሲጀምር በካርቡሬተሩ አየር መግቢያ በኩል ያንኑ ዘይት በሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ እያልክ አንጠባጥብ። ነጭ ጭስ ያለ ልክ ይተፋና ይጠፋል። ጭሱ አያስደንግጥህ፤ ዘይቱ ክራንኩንና ኩሽኔታዎቹን እየሸፈነ ነው።

ከጠፋ በኋላ የደኅንነት ገመዱን ንቀል፣ ሁለቱን ካንዴላ ፍታ። ሐይቅ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጠቁሮ ጥላሸት ከለበሰ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምርና የማስነሻ ገመዱን አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ሳብ። የድሮዎቹን ካንዴላዎች በእጅ ብቻ አጥብቀህ መልሳቸው። በመጨረሻ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን በካቻቢቴ ፈትተህ የቀረውን ቤንዚን በጨርቅ ተቀበል። ሞተሩ እስኪጠፋ ቢሠራም ከሥሩ አንድ ሁለት ማንኪያ ቤንዚን አይጠፋም፤ ሙጫ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው የታችኛው የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሹ ቤት ዘይት ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ፍታና ዕቃ ደቅን፤ ከዚያ የላይኛዋን ፍታ፣ አየር ሲገባ ዘይቱ ይወርዳል። በጣትህ መሐል አሸት አሸት አድርገውና በፀሐይ እየው። ጠይም ወይም ጥቁር ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ቡሎኗ ማግኔት ላይ እንደ ሊጥ ያለ ደቃቅ የብረት ዱቄት ቢኖርም አይክፋህ፤ ስባሪ ብረት ካገኘህ ግን ጥርሱ እየተበላ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። እዚህ ቢሆን ያ ውኃ በረዶ ሆኖ የማርሹን ቤት ይሰነጥቀዋል፤ እዚያ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ኩሽኔታው ላይ ተኝቶ ያዝገዋል። መስከረም ላይ የመፋጨት ድምፅ ትሰማለህ።

ውኃው ከየት ይገባል ብትል፣ ሐይቅ ላይ ከሁሉ የምጠረጥረው የዓሣ መረብ ክር ነው። ፕሮፔለሩን ስትፈታ ከኋላው ያለውን ወፍራም ሮንዴላ አውጥተህ ዘንጉን በደንብ ተመልከት። ናይለኑ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ፣ በሙቀት ቀልጦ እንደ ቀለበት ድፍን ብሎ ታገኘው ይሆናል፤ ቀለሙ ከግሪሱ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ያታልላል። በጥፍርህ ጫፍ ፈልገው። ያ ቀለበት እየጠበቀ ሄዶ የዘይቱን ማገጃ ጎማ ይቆርጣል። ክሩን በፒንሳ እየጎተትክ አውጣ እንጂ በቢላዋ አትፋቅ፤ ዘንጉ ከተጫረ አዲሱም ጎማ ዕድሜ አይኖረውም። ክረምቱን ሙሉ ጊዜ ስላለህ ጎማው ተቆርጦ ከሆነ አሁኑኑ አስቀይር። ዛሬ ማስቀየር ባትችል እንኳ አሮጌውን ዘይት አፍስሰህ አዲስ ሙላ፤ ከውኃው ጋር አይክረም።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከላይ አትቅዳ፤ አየር ውስጡ ይታፈናል። ከሥረኛው ቀዳዳ በፓምፕ ግፋ፣ በላይኛው ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ድረስ። 80ደብሊው 90 የሚባለው የጀልባ ካምቢዮ ዘይት ይሁን፤ ለ15 ፈረስ ጉልበት ከሩብ ሊትር ብዙ አይዘልም። መጀመሪያ የላይኛዋን ቡሎን ዝጋ፣ ከዚያ ፓምፑን ነቅለህ የታችኛዋን ፈጥነህ ዝጋ። የሁለቱንም ሮንዴላ በአዲስ ለውጥ፤ አሮጌዋ አንዴ ተጨፍልቃለች። የፕሮፔለሩን ዘንግ ውኃ የማያጥበው ግሪስ ቀባ።

የውኃ ፓምፑን ጎማ በየሁለት ዓመቱ ለውጠው፤ ክንፎቹ ታጥፈው ከርመው አልቃና ካሉ ዓመቱን አትጠብቅ።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ ከባሕር ዛፍ ሠርተህ ቀጥ አድርገህ አቁመው። አታጋድመው፤ በተለይ ፕሮፔለሩ ከራሱ ከፍ ካለ የቀረው ውኃ በጭስ ማውጫው ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ራሱ ይንጠባጠባል። በላስቲክ አትጠቅልለው፣ በላስቲክ ውስጥ እርጥበት ታፍኖ ያልባል፤ በጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ሸፍነው፣ ከሥሩ አየር ይግባ። እህል ካለበት ጎተራ አርቀው፤ አይጥ ክዳኑ ሥር ጎጆ ሠርታ ሽቦውን ትቆርጣለች። እማዬ ጀበና ከምትጥድበት ክፍል ደግሞ በፍጹም እንዳታስገባው፤ ባዶ ታንክ የቤንዚን ትነት አለው፣ ፍም ይበቃዋል።

መስከረም ላይ አዲስ ቤንዚን ቀላቅለህ መጀመሪያ በአሮጌዎቹ ካንዴላዎች አስነሳው። ለሩብ ሰዓት ያህል ያጨሳል፤ ዘይቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ አዲሶቹን አስገባ። በጎን ያለችው ውኃ በደቂቃ ውስጥ ካልፈሰሰች አጥፋው። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ውጋ፤ ክረምቱን ነፍሳት ጭቃ ሊደፍኑባት ይችላሉ። ያም ካልሆነ ወደ ፓምፑ ጎማ ሂድ።

ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው አንድ የፓምፕ ጎማ፣ ሁለት ካንዴላ፣ ስድስት ሮንዴላና የዘይት መግፊያ ፓምፕ ልኬልሃለሁ። ዘይቱን እዚያው ግዛ። የካምቢዮውን ዘይት ስታወጣ በብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ መልኩን አይቼ እነግርሃለሁ።

አባዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እማዬ ዱዓዋን አታቋርጥብኝ በላት። ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ ሰይድ