የስላቭ አገሮች የባህል ትብብር ትኩረት ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ምሥራቅ አውሮፓ በሚወጡ ጽሑፎች የዩክሬኑ ጦርነት ሰፊውን ቦታ መያዙ ተገቢ ቢሆንም፣ እንደ ሩሲያ፣ ፖላንድና ቡልጋሪያ ባሉ የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪ አገሮች መካከል የሚካሄደው የባህል ትብብር ጭራሽ መዘንጋቱ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመውና መቀመጫውን በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሉብሊያና ያደረገው የስላቭ ባህሎች ፎረም «መቶ የስላቭ ልቦለዶች» በተባለው ፕሮጀክቱ ከበርሊን ግንብ መፍረስ ወዲህ የታተሙ ልቦለዶችን እያስመረጠ ወደ ሌሎች የስላቭ ቋንቋዎች እንዲተረጎሙ ያደርጋል። በዚህም የአንድ መቄዶንያዊ ደራሲ ሥራ ለንደን ወይም ፓሪስ ላይ ዝና እስኪያገኝ ሳይጠብቅ በቀጥታ ስሎቬናዊ አንባቢ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ለእኔ ከጉባኤና ከመግለጫ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ፎረሙ ለሙዚየሞች የሚሰጠው «ዢቫ» የተሰኘ ሽልማትም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1848 ፕራግ ላይ በተካሄደው የስላቮች ጉባኤ የተስተጋባው የአንድነት ሐሳብ ከጊዜ በኋላ ለሩሲያ የበላይነት መሣሪያ ስለሆነ፣ ፖላንዳውያንና ዩክሬናውያን የወንድማማችነትን ጥሪ በጥርጣሬ ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ትብብሩ መመዘን ያለበት ትንንሾቹ ሕዝቦች በሚያገኙት ቦታ ነው፤ የራሳቸው መንግሥት የሌላቸው፣ ነገር ግን በምሥራቅ ጀርመን በባውትሰን ከተማ በጀርመንኛም በቋንቋቸውም ተውኔት የሚቀርብበት ቲያትር ያላቸው ሶርብ የተባሉት ስላቮች ጭምር።

በሶፊያ፣ በፕራግና በሞስኮ ተምረው ቋንቋዎቹን ጠንቅቀው የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን በመካከላችን ስላሉ፣ ዝግጅት ክፍሉ በጉዳዩ ላይ እንዲጽፉ እንዲጋብዛቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ