ጠፍቶ የሚበራው ኮምፒውተር፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ (የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ) ክበብ ሲባል ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለበጥበት ክፍል የሚመስላቸው ዛሬም አሉ። ዘንድሮ አባላቱ የያዙት ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ ሳይታሰብ ጠፍቶ የሚበራ የቤት ኮምፒውተር ምን እንደነካው መፈለግ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ቅሬታ ያልሰማ የለም፤ መድኃኒቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ፎርማት ይደረግ።" ፎርማት ይደረጋል (ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል)፣ የልጆቹ ፎቶና የተጻፈው ወረቀት ሁሉ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም በማግስቱ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ይበራል።

የኮሚቴ ምርጫውና የረቡዕ ስብሰባዎቹ እንደ ሌላው ዓመት አልፈዋል። ቃለ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ስላለ እዚህ አልደግመውም።

ልጆቹ መጀመሪያ የተማሩት ካቻቪቴ አለማንሳትን ነው። ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው ሰማያዊ ገጽ ያሳይና ራሱን መልሶ ያስነሳል። ገጹ ብልጭ ብሎ ስለሚያልፍ የሚያነበው የለም። ስለዚህ "ሲስተም ፕሮፐርቲስ" ተከፍቶ፣ "አድቫንስድ" ውስጥ ተገብቶ፣ በ"ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ" ሥር "ኦቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለው ላይ ያለው ምልክት ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊው ገጽ መጥቶ ከቆመ ኮዱን በስልክ ፎቶ ማንሳትና ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም)፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ሃርድ ዲስኩን መጠርጠር ነው። ገጹ ሳይታይ ድርግም ካለ ግን ፍለጋው ወደ ኮረንቲና ወደ ሙቀት ይዞራል።

ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቁጥር 41 ነው። "ከርነል ፓወር" የሚለውን ያየ ሁሉ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተቃጠለ ይላል። ቁጥሩ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። 1074 የተመዘገበ እንደሆነ ደግሞ ያስነሣው ፕሮግራም ወይም ሰው ነው። ከመምህራን የአንዱ ላፕቶፕ "ቫይረስ በላው" ተብሎ ቢመጣ የተገኘው ይኸው 1074 ነበር። ዊንዶውስ አፕዴቱን ሲጨርስ ራሱን እያስነሣ ኖሯል። "አክቲቭ አወርስ" የሚለው ሥር የሥራ ሰዓታቸው ተሞላ፣ ነገሩ በዚያው አበቃ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ፈተና ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ እዚያው ገጽ ላይ መተው ነው። እዚያም ተቀምጦ ጠፍቶ ከበራ ዊንዶውስ ነጻ ነው፤ ፎርማት ማድረግም ከንቱ ድካም ይሆናል። በብዙ ባዮሶች ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀትም እዚያው ይነበባል። ሥራ ሳይኖርበት ወደ 80 ዲግሪ የሚጠጋ ፕሮሰሰር ማራገቢያው ታፍኗል ወይም ቴርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቋል ማለት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት አቅሙም ያንሳል፤ እዚህ አቧራ የማይናቀው ለዚህ ነው። ስናጸዳ የማራገቢያው ክንፍ በጣት ይያዛል፤ በንፋስ ኃይል ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፤ እርጥበት ይገባል። የደረቀው ፔስት በአልኮል ይጠረግና አነስ ያለች የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሀሉ ላይ ትደረጋለች። ብዙ ማድረግ አያቀዘቅዝም፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይፈሳል እንጂ።

ራም ሲነካ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ኮምፒውተሩን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ 5 ቮልት እንደቆመ ነው። የራሙ ጥርስ በለስላሳ ነጭ ላጲስ ይታሽና ፍርፋሪው በብሩሽ ይወገዳል። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ ይሞከራል፤ ራም የሚፈትነው ፕሮግራም ሜምቴስት 86 ደግሞ ከፍላሽ ተነሥቶ ሌሊቱን ያድራል። አንድም ቀይ መስመር ከመጣ ራሙ አይታመንም። የሪሴት ቁልፍ መጣበቅም ሊዘነጋ አይገባም፤ ሁለት ሽቦ ያላትን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ማየት ነው። አንድ ኮምፒውተር የዳነው በዚህች ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ጉብኝት ልምጣ፤ ጽሑፉን ያስጀመረኝም እርሷ ናት። የአንዲት አባላችን እናት ቤት ያለው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎም አልተሻለውም። በመጨረሻ "ማዘርቦርድ ይገዛለት" ተብሏል። ልጆቹ በተማሩት ቅደም ተከተል ሄዱ። ባዮስ ላይ ተተወ፤ ጠፍቶ በራ። ዊንዶውስ ከጥርጣሬ ወጣ። ሙቀቱ 46 ዲግሪ ነው፤ ማራገቢያውም ንጹሕ ነው። ራሙ ታሽቶ ተመለሰ፤ አሁንም ያው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሲከራከሩ፣ ጥግ ይዛ የጠፋበትን ሰዓት በደብተር የምትመዘግበው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ተጣራች።

"እትዬ፣ ምጣዱን አሁን ሰኩት እንዴ?"

"አዎ ልጄ፣ ገና አሁን ሰካሁት። ምነው፣ በምን አወቅሽ?"

አምፖሉ ፈዝዞ ነበር። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተንላት አናውቅም ነበር። ምጣዱ ተነቀለ፣ ኮምፒውተሩ ሳይነቃነቅ ቆየ። ምጣዱ ሲሰካ ድርግም አለ። ከፊዚክስ ላቦራቶሪ በተዋስነው መልቲሜትር (የኮረንቲ መለኪያ) የኮምፒውተሩን ሶኬት ለካሁ። ምጣዱ ሳይሰካ 212 ቮልት፣ ሲሰካ 184። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩና ምጣዱ ግን የሚመገቡት በአንድ ቀጭን 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው።

184 ቮልት ብቻውን ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ላያጠፋ ይችላል። ቁም ነገሩ መልቲሜትሩ የማያሳየው ላይ ነው። መገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ብሎኑ የላላ ሽቦ ካለ፣ ከባድ ኮረንቲ ሲያልፍበት ብልጭ እያለ ይቋረጣል። ፓወር ሰፕላይ ኮረንቲ ሲቋረጥበት ማዘርቦርዱን ይዞ የሚቆየው 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ የእኛ ኮረንቲ በ50 ኸርዝ አንድ ዙር እስኪጨርስ እንኳ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያንንም አይችልም። የኮረንቲ ሥራ የተማሪ ሥራ ስላልሆነ ሳጥኑን የከፈተው ባለሙያ ነው። የጠቆረ መገናኛ አገኘ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱን 4 ካሬ ሽቦና የራሱን መቁረጫ ዘረጋለት፣ የላላውንም አጠበቀ። ማዘርቦርድ አልተገዛም። እናቲቱም ከምጣዱ ላይ የወጣ ትኩስ እንጀራ ሳያበሉን አልሸኙንም።

ያልተሳካልንም አለ። ከላቦራቶሪያችን ማዘርቦርዳቸው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ በርሜል መሳዮች) አናታቸው ያበጠ ኮምፒውተሮች አልዳኑም። አብጦ የፈነዳውን ፈቶ ለመተካት ብየዳ ያስፈልጋል፤ መበየጃው የለንም። ለሁለተኛው መንፈቅ ያሰብነው የባሕር ዳር ጉዞም በትራንስፖርት ቀረ። እግር ኳስ ክበቡ ማልያ ሲገዛለት ደስ ብሎናል፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በተዋሰው አንድ መልቲሜትር የሠራ ክበብ፣ የፊዚክስ ፈተና በደረሰ ቁጥር መለኪያውን እየመለሰ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የክበቡ የራሱ የሆነ መልቲሜትር፣ ቴርማል ፔስትና አልኮል፣ አንድ መበየጃ ከነሚቀልጠው የቆርቆሮ ሽቦው፣ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ)፣ ከሁሉም በላይ ጤነኛነቱ የተረጋገጠ አንድ ፓወር ሰፕላይ። ከፓወር ሰፕላይ በሚወጣው ቢጫው ሽቦ ላይ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መነበቡ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ካልተለካ አያስተማምንም፤ ለአፍታ መውረዱንም መለኪያው አይዝም። እርግጡን የሚነግረው ደህናውን ተክቶ ማየት ብቻ ነው። ወላጆችም ቤታችሁ የተጣለ ኮምፒውተር ካለ ለክበቡ አምጡልን፤ ፓወር ሰፕላዩን ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ክፍት ነው፤ ኮምፒውተር የምታመጡ ሁሉ መቼ መቼ እንደሚጠፋና በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ተሰክቶ እንደነበረ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አምጡ።