ጉዳዩ፦ ስለ ኤክስኤምአርቪ ምርመራ ውጤቴ በጽሑፍ የተገባልኝ ቃል ባለመፈጸሙ የቀረበ ቅሬታ

ለላቦራቶሪው የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ደሜን መርምራችሁ ኤክስኤምአርቪ የተባለው ቫይረስ «ተገኝቷል» የሚል ውጤት ሰጥታችሁኝ ነበር። ከዚህ በፊት የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በእጃችሁ ስላሉ አልደግማቸውም። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ሠራተኛችሁ ጋር በስልክ ያደረግሁት ንግግር ነው።

የክፍሉ ተቆጣጣሪ ከደሜ የተረፈው ናሙና በማቀዝቀዣ እንደሚቆይ፣ የአይጥ ዲኤንኤ ገብቶበት እንደሆነም ተጣርቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንደሚደርሰኝ በኢሜይል ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሠራተኛዋ ግን ናሙናው «በአሠራሩ መሠረት ተወግዷል» አሉኝ። መቼ እንደተወገደና ማን እንደፈቀደ ስጠይቃቸው ይህን የመናገር ሥልጣን የለኝም አሉ። የተቆጣጣሪውን ኢሜይል ላንብብልዎ ስላቸውም አቋርጠውኝ «ሳይንስ ይለዋወጣል፤ ውጤቱ በጊዜው ትክክል ነበር» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ይህን መልስ ልቀበለው አልችልም። ከአይጥ የሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ቫይረሶች ጋር የሚዛመደው ይህ ሬትሮቫይረስ (እንደ ኤችአይቪ ዘረመሉን በሚይዘው ሴል ዘረመል ውስጥ የሚያስገባ የቫይረስ ዓይነት) እ.ኤ.አ. በ2006 በፕሮስቴት ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ መገኘቱ ሲገለጽ፣ በ2009 ደግሞ ከ101 ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ካለባቸው ሰዎች በ68ቱ ደም ውስጥ ታይቷል ተብሎ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ለዓመታት የሕመማችንን ምክንያት የሚነግረን ያጣን ሰዎች ተስፋ ማድረጋችን ተገቢ ነበር። የእኔን ደም የወሰዳችሁት ግን ያኔ አይደለም። የአይጥ ዘረመል የእነዚህን ቫይረሶች ቅሪት በብዙ ቅጂ ስለሚይዝ፣ እጅግ ጥቂት የአይጥ ዲኤንኤ ወደ ናሙናው ወይም ወደ መመርመሪያው ኬሚካል ቢገባ እንኳ ፒሲአር የተባለው ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ «ቫይረስ አለ» ሊል እንደሚችል በ2010 መጨረሻ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ምርመራዬ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የማነሣው ጥያቄ ስለ ሳይንስ መለዋወጥ ሳይሆን፣ በወቅቱ የሚታወቅ ጥንቃቄ በእኔ ናሙና ላይ ስለመደረጉ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ። ቫይረሱ በ1990ዎቹ የሰው የፕሮስቴት ዕጢ በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ሲራባ ከሁለት የአይጥ ቫይረሶች መዳቀል እንደተፈጠረ በ2011 ተገለጸ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሳይንስ» መጽሔት የ2009ኙን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ሰረዘው፤ በ2012 በ147 ሕሙማንና በ146 ጤነኞች ላይ የተደረገው ጥናትም ቫይረሱን በአንዳቸውም ላይ አላገኘም። በእኔ የሕክምና መዝገብ ላይ ግን እናንተ የጻፋችሁት «ተገኝቷል» የሚል ቃል እስከ ዛሬ አለ።

በዚህ ቃል ምክንያት ደም መለገስ አቁሜአለሁ፣ ልጆቼ ሳያስፈልግ ተመርምረዋል፣ ለኤችአይቪ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ስለመጀመርም ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረናል። ከሁሉ የከፋው፣ የቫይረሱ ነገር ውድቅ ሲሆን ሕመሜም አብሮ ውድቅ እንደሆነ የሚቆጥሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ሕመሜ እውነተኛ ነው፤ እውነት ያልሆነው የእናንተ ወረቀት ነው። በነገራችን ላይ፣ ያ ወረቀት ስሜ ተሳስቶ የተጻፈበትና የኃላፊ ፊርማ የሌለው ነው፤ ይህንንም አሳውቄ እርማት አልተደረገም። የክፍያ ደረሰኙ ግን ስሜን ሳይስት በማግሥቱ ደርሶኛል።

ስለዚህ ውጤቱ መሻሩን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ለእኔና ለሐኪሜ እንዲላክ፣ ከናሙናዬ ጋር የአይጥ ዲኤንኤ ፍተሻና ባዶ ማነጻጸሪያ (ደም ሳይጨመርበት የሚሠራ ምርመራ) መሠራት አለመሠራቱ ከነማስረጃው እንዲገለጽልኝ፣ ናሙናው የተወገደበት ቀንና የፈቀደው ኃላፊ እንዲነገረኝ፣ የከፈልሁትም ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ስልክ ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን ኖሮ በደብዳቤው ብቻ እረካ ነበር። አሁን ግን ተመሳሳይ ውጤት የሰጣችኋቸው ደንበኞች ሁሉ በጽሑፍ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ከእነርሱ መካከል ዛሬም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊኖር ይችላልና። በዐሥራ አምስት ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ፣ የተቆጣጣሪውን ኢሜይል አያይዤ ላቦራቶሪዎችን ለሚቆጣጠረው አካል አመለክታለሁ። ከእንግዲህ በስልክ አልነጋገርም።

ከአክብሮት ጋር